«ተመለስ» የሚሉን ሴት

ወይዘሮ አንጓች «የሞቱ» ዕለት እኔ ፀጉር ቤት ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ። የኮሚቴያችን ጸሐፊ በቴሌግራም ገጻችን ላይ አንዲት መስመር ለጥፏል፦ «ክብርት ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አንጓች ከረጅም አገልግሎት በኋላ ዛሬ አርፈዋል።» «ሰብሳቢያችን ሞቱ!» ብዬ ግማሽ ራሴ እንደተላጨ ከወንበሩ ተነሣሁ። ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ «ነፍስ ይማር» ይዘንብ ጀመር። አንዱ ሻማ ላከ፣ ሌላው የተጣመሩ እጆች ላከ፣ አንዱ ደግሞ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ ከራሳቸው ከወይዘሮ አንጓች ስልክ መልስ መጣ፦ «አሜን። ያረፍኩት ግን ከሥራ ነው፤ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልሞትኩም። ጸሐፊው የጻፈውን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢያነበው ኖሮ ይኸ ሁሉ ሻማ ባልባከነ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሰው ሞቶበት እንዲህ የሚስቅ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፤ ምላጩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር። እየሳቅሁ እንባዬም ይወርድ ነበር። እፎይ! የአገራችን ሰው ሙት አወዳሽ ነው፤ በቁሙ ያላመሰገነውን ሰው ሲቀበር ያደንቃል። እኔም እንዲያ ላደርግ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ስለዚህ ሳይቀደሙኝ ይህን እጽፋለሁ።

ወይዘሮ አንጓች ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የውሃ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ በነገረ ፈጅነት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ነገረ ፈጅ ማለት ድርጅቱ በደመወዝ ይዞ የሚያኖረው የራሱ የሕግ ሰው ነው። ውል ይጽፋል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ቀጣሪው ሲያጠፋ ይሸፍናል፤ ይህ የመጨረሻው ግን በሥራ መዘርዝሩ ላይ አይጻፍም። እኔም የአንድ ጠጠር ፈጭቶ ሻጭ ኩባንያ ነገረ ፈጅ ነኝ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገድ የሚቆርጠው፣ ድንጋይ የሚፈነቅለው፣ ወንዝ የሚጠልፈው ድርጅት ሲበዛ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የተሰጠን ነገረ ፈጆች ሰባት ሆነን የሙያ ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢ መሆን የፈለገ አልነበረም። «ታላቅ እያለማ…» ብለን ወይዘሮ አንጓች ላይ ጣልነው። እውነቱን ለመናገር የመረጥናቸው ዕድሜያቸው ገፍቷልና አያስቸግሩንም ብለን ነው።

የምንሰበሰበው በወር አንድ ዓርብ፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለምነን ባገኘናት ክፍል ነበር። ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችውም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወረቀታችን ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ወይዘሮ አንጓች ከካፖርታቸው በላይ ጋቢ ደርበው፣ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው ከሁላችንም ቀድመው ይገኛሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉን፦

«እዚህ ቤት ‹ድርጅታችን› የሚባል ቃል አልሰማም። ‹እኔ› በሉ።»

«ካልንስ?» አለ አቶ ባዬ፣ የአንድ መንገድ ሥራ ተቋራጭ ነገረ ፈጅ፤ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ ሰው ነው።

«ወጥተህ ትገባለህ።»

አቶ ባዬ በዚያ ብርድ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ገባ። በአራተኛው «ድርጅ…» ብሎ ጀመረና «እኔ» ብሎ ጨረሰው።

ሁለተኛው ሕጋቸው ማንኛውም የጻፍነው ሰነድ ቆመን፣ ጮክ ብለን እንድናነበው ነው። አባታቸው ጋይንት ውስጥ ባለችው በቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ የነበሩ የኔታ ነበሩ። ተማሪው ያነባል፣ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ሲሳሳት «ተመለስ» ይሉታል። ምን እንደተሳሳተ ግን አይነግሩትም፤ እየተመላለሰ ራሱ ያገኘዋል። ልጅቷ አንጓች ይህን ከጎጆው ግድግዳ ጀርባ ቆማ ስትሰማ አድጋ፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ተመርቃ፣ ነገረ ፈጅ ሆና ሸምግላ እኛ ላይ አመጣችው። «ዐይን የለመደውን ይዘላል፤ ጆሮ ግን አይዘልም» ይሉ ነበር። ጣታቸውን ቀስረው «ተመለስ» ሲሉ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ሳይቀር ላብ ያጠምቀዋል።

አንድ ጊዜ አቶ ባዬ ረጅም የሕግ አስተያየት ሲያነብ «ጉዳዩን ከግምት ውስጥ በማስገባት» የምትለውን ሐረግ ስድስት ቦታ ላይ ደረደራት። በስድስተኛው ላይ ጣታቸውን አነሡና «ባዬ፣ እንግዲህ ግምቱ ሞላ፤ ከዚህ በኋላ የሚገባውን ውጭ አስቀምጠው» አሉት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ባልደረባችን ገበሬዎችን በፍርድ ቤት ቀጠሮ አንገላትቶ ክሳቸውን እንዳስጣላቸው በኩራት ሲያወራ ሰምተውት ቆዩና «ስማችን ነገረ ፈጅ ነው፤ ሰው ፈጅ አይደለም» አሉት።

በሌሉበት እናማቸው ነበር። «የኔታ» የምትለዋን የሹክሹክታ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሰነዴን በሰው ፊት እንደ ፊደል ቆጣሪ ማንበቤ ክብሬን የነካ መስሎኝ ነበርና ባገኘሁት አጋጣሚ እነቅፋቸዋለሁ። እስከዚያች ዓርብ ድረስ ማለቴ ነው።

ኩባንያዬ ከመካነ ኢየሱስ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ያለ ኮረብታ ለድንጋይ ካባ ተፈቅዶለት ነበር። ድንጋዩ በድማሚት የሚፈነዳ ስለሆነ ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት በዙሪያው ምንጭ አለመኖሩ መረጋገጥ ነበረበት። ነዋሪውን ሰብስቦ መጠየቁ ለእኔ ተሰጠ። ሄድኩ፤ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ።

«በዚህ ኮረብታ ዙሪያ ምንጭ አለ?» አልኩ።

«ምንጭ የለም» አሉ።

ደግሜ ጠየቅሁ። «ኧረ የለም! ምንጭማ ቢኖረን ከብቱን እስከ ወንዝ ድረስ ለምን እንነዳው ነበር?» አሉኝ አያ ውበቱ የሚባሉ፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። የሚጽፈው ፈረመ፣ የማይጽፈው አውራ ጣቱን አተመ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን የሠሩት ባለሙያዎች ስለ ምንጭ የሚለውን ቦታ ከእኔ ቃለ ጉባኤ ገልብጠው ሞሉት፤ እኔም የሕግ ማረጋገጫ ጽፌ ፈረምኩበት። ሥራው ያማረ ስለመሰለኝ ለሌሎቹ አርአያ እንዲሆን ብዬ ወደ ኮሚቴው ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያው ድማሚት የሚፈነዳው ሰኞ ነበር።

ቆሜ አነበብኩ። «ከነዋሪዎች በተገኘ ቃል መሠረት በሥራው ክልል ምንጭ አለመኖሩን አረጋግጫለሁ» ስል ጣታቸው ተነሣ።

«ተመለስ።»

ተመለስኩ። ፊደሉ አልተጣለም፤ ቃሉም አልተዛነፈም።

«ተመለስ።»

ሦስተኛ አነበብኩ። ወይዘሮ አንጓች መነጽራቸውን አወለቁ። «ከኮረብታው ሥር ያለው ደብር የማን ነው?»

«የኪዳነ ምሕረት።»

«ጠበል የላትም?»

«አላት እንጂ! የታወቀች ጠበል ናት። እንዲያውም ያን ዕለት ራሴን ክፉኛ አሞኝ የደብሩ ቄስ አጠጡኝ። ወዲያው ነው የተወኝ።»

«እሰይ፣ እንኳን ተወህ። ከየት ነው የምትወርደው?»

«ከኮረብታው ግርጌ ካለው ዐለት ነው የምትመነ…» አልኩና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ በእኛ አገር ምንጭ ማለት ከብት የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ ነው። በታቦት ስም የፈለቀ ውሃ ጠበል ይባላል፤ እሱን ምንጭ ብሎ የሚጠራ የለም። እኔ ስጠይቅ አልዋሸሁም፤ እነሱም ሲመልሱ አልዋሹም። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በጣቱ እየጠቆመ «ይህ ውሃ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የተሳሳትኩት የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ውሃውን ጠጥቼ፣ አፌን ጠርጌ፣ ውሃ የለም ብዬ ፈረምኩ።

ከጠበሉ የሚተርፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ በበጋ ከሥር ያሉትን ጎጆዎች ሁሉ ያጠጣል። ዐለቱ በድማሚት ሲናወጥ ውሃው መንገዱን ከሳተ የሚመልሰው የለም። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት ግን፣ አልደብቅም፣ እንጀራዬን ነው። «ማረጋገጫዬ ሐሰት ነው» የሚል ነገረ ፈጅ ማን ያስቀጥላል?

«ፊርማቸው አለህ» አለኝ አቶ ባዬ። «ምንጭ የለም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሕጉ ከአንተ ጋር ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ።» ሁለት ባልደረቦቻችን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ይህን የሚልልኝ ሰው ስፈልግ ነበርና።

ወይዘሮ አንጓች አልተቆጡም። «ይኸ ኮሚቴ ማንንም መክሰስም ማስገደድም አይችልም» አሉ። «የምንችለው ማንበብ ነው። ይኸን ወረቀት ደግሞ እዚያው የፈረሙት ሰዎች ፊት እናነበዋለን። ነገ ጠዋት እነሣለሁ። ትመጣለህ ወይስ ወረቀቱን ትሰጠኛለህ?»

ወረቀቱን ብሰጣቸው ይቀለኝ ነበር። ግን እግራቸው መሬት የማይነካ ሴትዮ ብቻቸውን ሄደው የእኔን ጉድ ሲያነቡ ታየኝና «እመጣለሁ» አልኩ። ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወርደን፣ ከዚያ በአውቶቡስ መካነ ኢየሱስ ገባን። ወይዘሮ አንጓች መንገዱን ሙሉ እንቅልፋቸውን ተኙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰበ። ቆሜ አነበብኩ። አያ ውበቱ በትራቸውን ተደግፈው ሰሙና «ልክ ነው፤ ምንጭ የለም። ያልነውን ነው የጻፈው» አሉ።

«አያ ውበቱ፣» አሉ ወይዘሮ አንጓች፣ «ድንጋዩ ሲፈነዳ ውሃው ቢደርቅስ?»

«የትኛው ውሃ እመይቴ?»

«ጠበሉ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «ጠበሉን መች ጠየቁን? ምንጭ ነው የጠየቁን! የእመቤታችንን ጠበል ምንጭ ብዬ ከከብት መጠጫ ጋራ ልቁጠራት? ምን በወጣኝ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ለከብቱ ውሃ ልታወጣልን የመጣህ የቀበሌ ሰው መስለኸኝ ነበርኮ።»

ቄሱ አባ ገብረ ሥላሴ ግን ቀስ ብለው «ልጄ፣ አንተስ ጠጥተሃት የለም?» አሉኝ። ከሁሉም የጎዳኝ ያ ነው። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የማረሚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። እጄ የለመደው ነውና «በማረጋገጫው ላይ ስሕተት የተፈጠረ በመሆኑ» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩላቸው።

«ተመለስ። ማን ፈጠረው?»

«እኔ።»

«መፍጠር የእግዜር ነው። አንተ ‹ተሳስቻለሁ› በል።»

ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ በማኅተም ወረቀት ላይ ‹ተሳስቻለሁ› ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። ስድስት ፊደል ነው፤ ግን ብዕሬ አልሄድልህ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጄ ደወልኩ። ወይዘሮ አንጓች ያነጋግሩልኛል ብዬ ስልኩን ባስጠጋላቸው እጄን መለሱት። «እኔ ያንተ ነገረ ፈጅ አይደለሁም። የድርጅቱ ነገረ ፈጅ አንተ ነህ፤ ድርጅቱን ከጥፋት አድነው።»

ሥራ አስኪያጄ ሰማኝ። «ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ ነው የሚፈነዳው፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል፤ አንተ አሁን ቃልህን ልታጥፍ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ላጥፍ ነው።»

ስልኩን ጠረቀመው። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል አላነሣም።

ወይዘሮ አንጓች ያን ዕለት ወደ ቤታቸው መመለስ ነበረባቸው፤ አልተመለሱም። ሰኞ ጠዋት የወረዳው ቢሮ ሲከፈት ደብዳቤዬን አስገብተን፣ የገቢ ማኅተም አስመትተን፣ ባጃጁ እስከሚወስደን ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣን። ስንደርስ ሠራተኞቹ ቀይ ባንዲራ ተክለዋል፤ ድማሚት የጫነው መኪና ከኮረብታው ጎን ቆሟል። ሕዝቡ ከታች ከደብሩ አጠገብ ቆሞ ሽቅብ ያየናል። እኔ መኪናው ፊት የምቆም መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ አንጓች ግን ፎርማኑን «እንደምን አደርክ» ብለው ደብዳቤውን ሰጡት። «እስኪ አንብበው» አሉት። «ጮክ ብለህ።»

ፎርማኑ ግራ ገብቶት አነበበ። ‹ተሳስቻለሁ› የምትለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ካለቃ ካልታዘዝኩ አላቆምም እሜቴ፤ ግን ከታዘዝኩበት ሰዓት በፊትም አላፈነዳም» አለ። የታዘዘው ለአራት ሰዓት ነበር። ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሰዉን አራቁ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፎርማኑ ሰዓቱን ደግሞ አየ።

የፎርማኑ ስልክ ጠራ። «አቤት… እሺ… እሺ ጌታዬ» አለና ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

ሥራ አስኪያጄ ነበር። ሌሊቱን ከመሐንዲሱ ጋር ሲጨቃጨቅ አድሯል። «በወዲያኛው ጎን እንቆፍራለን፤ ከደብሩ በተቃራኒ። ያንን ጉድጓድ ይድፈኑት» አለኝ። «አንተን በተመለከተ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጠረጴዛህ ላይ ይጠብቅሃል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ በዚች ጠበል ተጠምቃ ነው የዳነችው። የምንቆፍረው በእሷ ጎን መሆኑን አላወቅሁም ነበር» አለና ዘጋው።

ባንዲራው ወረደ። ከታች ሕዝቡ እልል አለ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ሰው እንደማይባረር ማንም ነገረ ፈጅ ያውቃልና እኔም በሆዴ እልል አልኩ። ልነግራቸው ዞር ስል ወይዘሮ አንጓች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የወደቁ መስሎኝ ሮጥኩ።

«ደኅና ነኝ» አሉኝ። «ደስ ብሎኝ ነው።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉኝ፦ «ስማዳ ውስጥ፣ ልጅ ሆኜ፣ ገና እንደተቀጠርኩ፣ እኔም እንዳንተው ምንጭ የለም ብዬ ፈርሜያለሁ። የሚካኤል ጠበል ነበረች። ደረቀች። ማንም አልጠየቀኝም፤ ፊርማው ሁሉ ልክ ነበራ። በየዓመቱ ለንግሥ እሄዳለሁ። የዚያ አገር ሴቶች ስጠማ ከሩቅ ወንዝ ተሸክመው ያመጡትን ውሃ ያጠጡኛል። እኔ እንደፈረምኩ አያውቁም። ቢያውቁም የሚከለክሉኝ አይመስለኝም።»

እጄን ሰጠኋቸውና ተነሡ። ክንዴን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከጠበሉ ስንደርስ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጨለፉና ጠጡ፤ ደግመው ጨለፉ፤ ደግመው። ውሃው በክርናቸው ላይ እየወረደ ጋቢያቸውን አረጠበው፤ አልተዉም።

አባ ገብረ ሥላሴ ቆመው ሲያዩአቸው ቆዩና «ምነው ልጄ፣» አሉ፣ «ምን ያህል ጠምቶሽ ኖሯል?»

ወይዘሮ አንጓች አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀና አሉ።

«ቆይቷል አባ» አሏቸው።